ሳይነድ የማይፈተን ሸቀጥ

ባለፈው ክረምት መግቢያ ላይ በእንጅባራ ገበያ ዳር ከቆመ አንድ የጭነት መኪና አጠገብ ሁለት ነጋዴዎች ሲከራከሩ ሰማሁ። ሻጩ የአካባቢያችን ሰው ነው፤ ገዢው ከሩቅ ከተማ የመጣ ነው። ነገሩ የከሰል ነገር ነበር። ገዢው ካሁን ቀደም የወሰደው ከሰል በማዳበሪያው አፍ ላይ ጥሩ ጥሩው ተደርድሮ፣ ከሥር ግን ድቃቂና በቅጡ ያልከሰለ እንጨት ሆኖ ስላገኘው፣ የዚህን ጭነት እያንዳንዱን ማዳበሪያ ዘርግፌ ካላየሁ ገንዘብ አልከፍልም ይላል። ሻጩ ደግሞ፣ የተሰፋ ማዳበሪያ ከተዘረገፈ ከሰሉ ይደቅቃል፤ የተዘረገፈውንም ሌላ ሰው አይገዛኝም፤ ካመንኸኝ ውሰድ፣ ካላመንኸኝ ተወው ሲል ይመልሳል። ሁለቱም እውነት ነበራቸው። ዕቃው ሳይፈታ አይታወቅም፤ ከተፈታ ደግሞ ዋጋው ይወርዳል። ክርክሩ ሳያልቅ ዝናም መጣና ሁሉም ወደ ጥላው ሮጠ።

ይህን ስሰማ በአሳቤ የመጣው ከሰል አልነበረም፤ ከአንድ የጣት አንጓ እምብዛም የማትበልጥ የብርጭቆ አምፖል ነበረች። እርሷም እንደ ከሰሉ ሁሉ ካልነደደች በቀር ደግ ትሁን ክፉ የማይታወቅላት ዕቃ ነበረች። ነገር ግን የሠሯት ሰዎች ለዚህ ችግር አንድ መላ አግኝተውለት ነበርና፣ የእኛ ነጋዴዎች እስከ ዛሬ ያልተጠቀሙበትን ያን መላ በዚህ ገጽ ላይ ላስረዳ ፈቀድሁ።

ለወጣቶቹ ባለሱቆች አስቀድሞ መግለጽ ይገባኛል። ዛሬ በስልካችን ጀርባ ያለችው ትንሽ መብራት ሺህ ጊዜ በርታ ሺህ ጊዜ ትጠፋለች። ያችኛዋ የፍላሽ አምፖል ግን ለአንድ ፎቶግራፍ ብቻ የተሠራች ነበረች፤ አንድ ጊዜ ቦግ ብላ ከነደደች በኋላ ተነቅላ ትጣላለች። ከእርሷ በፊት ፎቶግራፍ አንሺዎች በማታና በቤት ውስጥ ሲያነሡ የማግኒዚየም ዱቄት ያቃጥሉ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1887 አዶልፍ ሚቴና ዮሐንስ ጌዲከ የተባሉ ሁለት ጀርመናውያን ማግኒዚየምን ኦክሲጅን ከሚሰጥ ጨው ጋር ቀላቅለው እንደ መብረቅ የሚበራ ዱቄት አወጡ። ብርሃኑ በቂ ነበር፤ ጢሱ ግን ቤቱን ይሞላል፤ ዱቄቱም ከባሩድ እምብዛም የማይለይ በመሆኑ የስንቱን ፎቶ አንሺ እጅና ፊት ለብልቧል። በአገራችን ቤድሮስ ቦያጂያን የዳግማዊ ምኒልክ የቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺ ሆነው ሠርተዋል፤ ልጆቻቸው ሃይጋዝና ቶኒም ሙያውን ወርሰው ቀጥለዋል። እንግዲህ የዚህ አንድ ቤተሰብ የሥራ ዘመን ከዱቄቱ ዘመን ተነሥቶ የአምፖሉን ዘመን አገናኝቷል ማለት ነው።

አምፖሉ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1929 ነው። ዮሐንስ ኦስተርማየር የተባለ ጀርመናዊ ስስ የአሉሚኒየም ወረቀት በብርጭቆ ውስጥ ከኦክሲጅን ጋር ዘግቶ በባትሪ የሚለኰስ መብራት አዘጋጀ፤ በማግሥቱ ዓመት በአሜሪካ ጄኔራል ኤሌክትሪክ ተመሳሳዩን ለገበያ አቀረበ። እሳቱ በብርጭቆ ውስጥ ስለ ታሰረ ጢስም ፍንዳታም ቀረ። የመጀመሪያዎቹ አምፖሎች ዛሬ በጣሪያችን ላይ እንደምናንጠለጥላቸው ያሉ ትልልቅ ነበሩ። ፎቶግራፍ አንሺው ሃያ ለማንሣት ሃያ እንደዚህ ያሉ አምፖሎችን በቦርሳ መሸከም ነበረበት። ስለዚህ የፋብሪካዎቹ ውድድር ሁሉ አምፖሏን ወደ ማሳነስ አዘነበለ። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ የቆርቆሮ እግር እንኳ የሌላት፣ ሁለመናዋ ብርጭቆ የሆነች፣ ኤ ጂ 1 የምትባል ትንሽ አምፖል ወጣች። በእኛ አገር ሱቆችም የደረሰችው የዚህች ዐይነቷ ናት።

ማሳነስ ቀላል መስሎ ይታያል፤ ግን አይደለም። ብርሃኑን የሚሰጠው የሚነደው ብረት ስለ ሆነ፣ ብረቱ እንዲነድ ደግሞ ኦክሲጅን ስለሚያስፈልገው፣ አምፖሏ ስታንስ ኦክሲጅኑ የት ይግባ? በትንንሾቹ አምፖሎች በአሉሚኒየም ፋንታ ዚርኮኒየም የተባለው ብረት የተመረጠው በጠባብ ቦታ ብዙ ብርሃን ስለሚሰጥ ነው። ለአብነት ያህል 20 ሚሊ ግራም ዚርኮኒየም ፈጽሞ እንዲነድ 7 ሚሊ ግራም ኦክሲጅን ይፈልጋል። ይህ ኦክሲጅን በባሕር ዳርቻ አየር ግፊት ቢለካ ከ5 ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር፣ መካኒኮቻችን ሲሲ ከሚሉት መለኪያ ከአምስት በላይ ይሆናል። የአምፖሏ ሆድ ግን ከአንድ ሲሲ ብዙም አይርቅም። ስለዚህ ኦክሲጅኑ እንደ መኪና ጎማ አየር ተጨቁኖ መግባት አለበት። ተጨቁኖ ሲገባ ብርጭቆው የበለጠ ይጨነቃል፤ በነደደም ጊዜ ሙቀቱ ስለሚጨመርበት ሊፈነዳ ይችላል። ይህንንም ለመከላከል አምፖሏ በውጭ በኩል ግልጽ በሆነና በሚደርቅ ቫርኒሽ ደጋግማ ትነከራለች፤ ብርጭቆው ቢሰነጠቅ እንኳ ስባሪው እንዳይበተን ቫርኒሹ ይይዘዋል። ለቀለም ፊልም የሚሆኑት አምፖሎች ቫርኒሻቸው ሰማያዊ ነበር፤ የዚርኮኒየም ብርሃን ከፀሐይ ብርሃን ይልቅ ወደ ቢጫ ስለሚያደላ በሰማያዊው ተጣርቶ ይስተካከላል።

አሠራሯን በቅደም ተከተል ላስረዳ። አንድ ቀጭን የብርጭቆ ቱቦ ይቆረጣል። ሁለት ሽቦዎች በአንድ አፉ ገብተው ብርጭቆው በእሳት ለስልሶ በላያቸው ላይ ይጨመቃል። በሽቦዎቹ ጫፍ መካከል ከፀጉር የቀጠነ የተንግስተን ክር ይዘረጋል፤ በጫፎቹም ላይ ዚርኮኒየም ዱቄትና ኦክሲጅን የሚሰጥ ቅመም ያለበት ለኳሽ ልጥፍ ጠብታ ይደረጋል፤ ይህ እንደ ክብሪት ራስ ያለ ነው። ቀጥሎም ከስስ የዚርኮኒየም ወረቀት የተቆረጡ ደቃቅ ክሮች በአየር ኀይል ተነፍተው ይገባሉ። በመጨረሻ አየሩ ይወጣል፣ ኦክሲጅን ይሞላል፣ ላይኛው አፍ በእሳት ቀልጦ ይዘጋል። ፎቶ አንሺው ሲጫን የባትሪው ጅረት ተንግስተኑን ያግላል፤ ተንግስተኑ ልጥፉን ይለኩሳል፤ ልጥፉ ፍንጣሪውን በክሮቹ መካከል ይረጫል፤ በአንድ ሴኮንድ ሽራፊ ውስጥ ሁሉ ነድዶ ያልቃል። ብርሃኑ ከፍተኛው ደረጃ ላይ የሚደርሰው ቁልፉ ከተጫነ ከ13 እስከ 20 ሚሊ ሴኮንድ ያህል ቆይቶ ስለ ሆነ፣ ካሜራዎቹም መጋረጃቸውን ለዚያ ያህል ጊዜ እንዲያዘገዩ ተደርገው ይሠሩ ነበር።

ከዚህ ሁሉ ሥራ አደገኛው ክፍል ሽቦው ብርጭቆውን በስቶ የሚወጣበት ቦታ ነው። ብረትና ብርጭቆ በሙቀት የሚለጠጡት እኩል አይደለም፤ ልዩነቱ ጥቂት ቢሆን እንኳ ሲቀዘቅዝ በመካከላቸው ዐይን የማያየው ስንጥቅ ይቀራል። ለዚህ ነው ፋብሪካዎቹ ተራ የመዳብ ሽቦ ያልተጠቀሙት፤ እምብርቱ ብረትና ኒኬል፣ ልብሱ መዳብ የሆነ፣ ከብርጭቆው ጋር አብሮ የሚለጠጥና አብሮ የሚሰበሰብ ልዩ ሽቦ ነበራቸው። ሆኖም ከብዙ ሺህ አንዷ ትሰነጠቃለች። በመርከብና በመኪና ስትንገጫገጭ፣ ካርቶኗ ሲወድቅ፣ ሽቦዋ ሲጣመም ሌሎችም ይሰነጠቃሉ። ኦክሲጅኑ ወጥቶ እርጥበት ያለው አየር ይገባል። እንዲህ ያለችው አምፖል አንድም አትነድም፤ አንድም በደካማው ትነዳለች፤ አንዳንዴም በፎቶ አንሺው እጅ ላይ ትፈነዳለች። በመልኳ ግን ከደህናዋ አትለይም።

(እግረ መንገዴን ልናገር፤ በእንጅባራ ከባሕር ወለል ወደ 2,500 ሜትር የሚጠጋ ከፍታ ላይ ስለምንኖር የአየራችን ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ከባሕር ማዶ ታሽጎ የመጣ የብስኩትና የድንች ጥብስ ከረጢት በሱቃችን መደርደሪያ ላይ ተነፍቶ የምናየው ለዚህ ነው። ገዢ ተበላሽቷል ብሎ ሲመልስላችሁ ይህን ንገሩት። የታሸገ ዕቃ ሁሉ እዚህ ሲደርስ ከተሠራበት አገር ይልቅ ማሸጊያው ይበልጥ ይወጠራል።)

አሁን ወደ መላው እመጣለሁ። አምራቹ አምፖሎቹን አንድ በአንድ አንድዶ ቢፈትን የሚሸጠው አይኖረውም። ስለዚህ ሁለት ነገር አደረገ። አንደኛው ከየምድቡ ጥቂቶቹን በዕጣ አንሥቶ ማንደድና በእነርሱ በቀሩት ላይ መፍረድ ነው። ይህ ዘዴ በሒሳብ የተደላደለው በአሜሪካ በቤል የስልክ ድርጅት ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ሃሮልድ ዶጅና ሃሪ ሮሚግ የናሙና ሠንጠረዦችን አዘጋጅተዋል። ሒሳቡ ለእኛም ይጠቅማልና ልብ በሉት። ከአንድ ትልቅ ጭነት ውስጥ ከአሥር አንዱ የተበላሸ ነው እንበል። ገዢው 5 ብቻ ቢፈትን፣ አንድም ብልሽት ሳያገኝ ተታልሎ የሚሄድበት ዕድል ከ100 ጊዜ 59 ጊዜ ነው። 20 ቢፈትን ግን ወደ 12 ጊዜ ይወርዳል። ብዙ ነጋዴዎቻችን ሁለት ሦስት ማዳበሪያ በእጃቸው ዳሰስ አድርገው አይቼዋለሁ የሚሉት ምንም አለማየት መሆኑን ቁጥሩ ራሱ ይናገራል።

ሁለተኛው መላ ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀኝ ነው። ሲልቫኒያ የተባለው አምራች በአምፖሏ ውስጥ በጫፏ በኩል አንዲት ሰማያዊ ነጥብ አኖረ። ነጥቧ ከኮባልት ጨው የተሠራች ናት፤ ደረቅ እስከ ሆነች ድረስ ሰማያዊ ናት፤ እርጥበት ያለው አየር ካገኛት ወደ ሐምራዊ ቀይ ትለወጣለች። ከሽያጭ በፊት አምፖሏን ወደ ብርሃን አንሥቶ ነጥቧን ማየት ብቻ ይበቃል። ሰማያዊ ከሆነች ሽጣት፤ ቀልታ እንደ ሆነ ጣላት። ሳይነድ የማይፈተነው ሸቀጥ ሳይነድ የሚመሰክርለት አገኘ። ይኸው ጨው በጫማና በኤሌክትሪክ ዕቃ ካርቶን ውስጥ በምናገኛቸው እርጥበት መጣጭ ከረጢቶችም ይደረግ ነበር፤ ኮባልቱ ለጤና ጎጂ መሆኑ ስለ ታወቀ ዛሬ በብዙ ቦታ በሌላ ተተክቷል። አሳቡ ግን አልሞተም። እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ በፖሊዮ ክትባት፣ ቀጥሎም በሌሎቹ የክትባት ጠርሙሶች ላይ ሙቀት ሲያገኛት የምትጠቁር አንዲት አራት ማዕዘን ምልክት ትለጠፋለች። በየቀበሌያችን ያሉ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ይህችን ምልክት ሳያዩ ክትባት አይሰጡም። ጤና ጣቢያው ያወቀውን መጋዘናችን አላወቀም።

እዚህ ላይ የራሴን ጥፋት ሳልናገር ባልፍ ለአንባብያን ታማኝ አልሆንም።

በ1965 ዓ.ም. እኔ ገና ልጅ ሳለሁ በዳንግላ ከተማ በአጎቴ ሱቅ እላላክ ነበር። ሱቁ ጨው፣ ላምባ፣ አቡጀዲ፣ የባትሪ ድንጋይና ሌላም ሌላም ይሸጣል። ከአሥመራ ከሚመጣው ሸቀጥ ጋር አንድ ካርቶን የፍላሽ አምፖል መጥቶ ነበር። ከመኪና ስናወርድ ያን ካርቶን የጣልሁት እኔ ነበርሁ። ሲወድቅ ድምፁ አነስተኛ ስለ ነበር፣ ከፍቼም ሳየው ምንም የተሰበረ ስላልታየኝ፣ ለአጎቴ ሳልነግር ከላይኛው መደርደሪያ ላይ አኖርሁት። በጥር ወር አንድ ፎቶግራፍ አንሺ ወደ ገጠር ለሠርግ ሊሄድ ሲል አሥራ ሁለት አምፖሎች ገዛን። ቆጥሬ የሰጠሁትም እኔው ነኝ።

ሙሽራው በፈረስ ነበር የመጣው፤ በእኛ አገር የሠርግ ጌጥ ፈረስ መሆኑን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ፀሐይ ጠልቃ ነበር። ፎቶ አንሺው ሙሽራው ከፈረሱ ሲወርድና ሙሽሪትን ሲቀበል ለማንሣት ተዘጋጀ። የመጀመሪያዋ አምፖል አልነደደችም። ሁለተኛዋም አልነደደችም። ሦስተኛዋ በመብራት ማንጸባረቂያው ውስጥ ፈነዳች፤ ፈረሱ ደንግጦ ሰዎቹን በታተነ። የተጎዳ አልነበረም፤ ሰዓቱ ግን አለፈ። በማግሥቱ ጧት ፎቶ አንሺው ወደ ሱቃችን መጥቶ የቀሩትን ዘጠኝ አምፖሎች በመደርደሪያው ላይ አንድ በአንድ ደረደራቸው። አራቱ ነጥባቸው ቀልቶ ነበር። ቍጣ አልተናገረም። ለአጎቴ፣ «ጋሼ፣ አምፖሉ እኮ አስቀድሞ ነግሮዎት ነበር» አለ። ለካ ነጥቧ ምን ማለት እንደ ሆነች እርሱም ያወቀው በዚያ ሌሊት ከካርቶኑ ጀርባ ያለውን ጽሑፍ በፋኖስ ሲያነብ ነው።

አጎቴ የአሥራ ሁለቱን ዋጋ መለሰለት። ለሙሽሮቹ የሚመልስላቸው ግን አልነበረም። እነዚያ ባልና ሚስት የሠርጋቸው ፎቶግራፍ የላቸውም። ካርቶኑን መጣሌን ለአጎቴ የነገርሁት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። እርሱም ሳቀ፤ ምናልባት ከአሥመራ ሲመጣ በመንገድ ላይ ተሰንጥቆ ይሆናል አለኝ። እውነቱን እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ነጥቧም አትናገርም። ከዚህ የተማርሁት ይህ ነው፤ ምልክቱ ዕቃው መበላሸቱን ይመሰክራል እንጂ በማን እጅ እንደ ተበላሸ አይመሰክርም። ያን ማወቅ የሚቻለው ዕቃው ከእጅ ወደ እጅ በተላለፈ ቍጥር ምልክቱ ታይቶ ሲጻፍ ብቻ ነው። አጎቴ ካርቶኑን ሲረከብ ነጥቦቹን ቢያይ ኖሮ ወይ የአሥመራው ጅምላ ነጋዴ፣ ወይ ባለመኪናው፣ ወይ እኔ ተጠያቂነቱ በታወቀ ነበር። እኛ ግን ካርቶን ቆጥረን ተረከብን፤ ካርቶን ቆጥረንም ሸጥን።

ደግሞም ጥፋቱ ሁልጊዜ የሸቀጡ አልነበረም። አምፖል አልነደደም ተብሎ ከሚመለሰው ብዙው በእውነቱ የባትሪ ድንጋዩ ጥፋት ነበር። ድንጋዩ ሲያረጅ ወይም ሲበርደው ተንግስተኑን የሚያግል ጅረት በአንድ ጊዜ ሊያወጣ አይችልም። ፋብሪካዎቹ ለዚህም በመብራቱ እጀታ ውስጥ ካፓሲተር ጨመሩ። 22.5 ቮልት የሆነች አነስተኛ ባትሪ ካፓሲተሩን ቀስ ብላ ትሞላዋለች፤ ካፓሲተሩ ያጠራቀመውን በአንድ ቅጽበት ይለቀዋል። ደካማ ባትሪም ሥራውን ይሠራ ጀመር፤ የባለሱቅና የደንበኛ ጭቅጭቅም ቀነሰ። ይህን የማነሣው፣ ከመካሰስ በፊት የትኛው ዕቃ እንዳጠፋ መለየት የሚያስችል መንገድ አስቀድሞ መዘጋጀት እንዳለበት ስለሚያሳይ ነው።

የአምፖሏ ታሪክ ፍጻሜ በአጭሩ ይነገራል። እ.ኤ.አ. በ1965 አራት አምፖሎችን በአንድ ኩብ የያዘችው ፍላሽኩብ ወጣች። በ1970 ባትሪ የማይፈልግ፣ በስፕሪንግ ምት የሚለኰስ ሌላ ኩብ ተከተላት። በ1970ዎቹ አጋማሽ ስምንትና ዐሥር አምፖሎችን በአንድ ሰሌዳ የደረደረ መጣ፤ በዚያ ሰሌዳ ላይ የአንዷ አምፖል ሙቀት የብርን ውሁድ ለውጦ ለሚቀጥለዋ መንገድ ይከፍትላት ነበር፤ እጅግ ብልኅ ሥራ ነው። ግን በአሜሪካ ሃሮልድ ኤጀርተን እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ያሳደገው፣ ሺህ ጊዜ የሚበራው የኤሌክትሮኒክ ፍላሽ ረክሶና አንሶ በትንንሾቹ ካሜራዎች ውስጥ ሲገባ፣ አምፖሎቹ ከነሰማያዊ ነጥባቸው ከገበያ ወጡ። በጊዜው ብዙ አስመጪዎች በእጃቸው የቀረውን ካርቶን መሸጫ አጡ። ስለዚህ ጕዳይ ሌላ ቀን እጽፋለሁ።

እንግዲህ ወደ ከሰሉ ልመለስ። የአዊ ከሰል ዝም ብሎ የሚታይ ንግድ አይደለም። በፋግታ ለኮማና በአጎራባች ወረዳዎች ገበሬው ዲከረንስ የሚባለውን የግራር ዐይነት በማሳው ላይ ተክሎ፣ በመጀመሪያው ዓመት ከሥሩ ሰብል ዘርቶ፣ ከአራት እስከ አምስት ዓመት ቆይቶ እየቈረጠ በማክሰል ኑሮውን አሻሽሏል፤ የተራቈተው መሬትም ዛፍ ለብሷል። ከሰሉ ወደ አዲስ አበባና ወደ ሌሎች ከተሞች ሄዷል። በቅርብ ዓመታት ዛፉን የዝገት በሽታ ጎድቶታል፤ ገበሬውም ብዙ አጥቷል። በዚህ ላይ ድቃቂ ከሥር፣ ደህናው ከላይ የሚሉት አደራደር ተጨምሮ የከተማ ገዢ ስማችንን ቢያጠቍረው፣ ዛፉ ቢያገግም እንኳ ገበያው አያገግምም። የሚጎዳውም ያን ማዳበሪያ የሰፋው ሰው ብቻ አይሆንም፤ በታማኝነት የሚያከስለው ጎረቤቱም ዋጋው አብሮ ይወርዳል። ገዢ የትኛው ከየትኛው እንደ ሆነ መለየት ስለማይችል ለሁሉም የሚከፍለው የመጥፎውን ዋጋ ነው።

በበኩሌ የሚታየኝ ይህ ነው። ውል ሲደረግ ከጭነቱ ስንት ማዳበሪያ እንደሚዘረገፍ አስቀድሞ ይጻፍ፤ ከሁለት መቶ ማዳበሪያ ሃያ ቢሆን ከላይ በተነገረው ሒሳብ መሠረት በቂ ነው። የሚዘረገፉትን ሻጩም ገዢውም አይምረጣቸው፤ በዕጣ ይውጡ። በሸራ ላይ ተዘርግፈው ድቃቂው በወንፊት ተለይቶ ይመዘን፤ ተቀባይ የሚሆነው የድቃቂ ልክም በውሉ ውስጥ ይኑር። በመዘርገፍ የሚደርሰውን ኪሳራ ሁለቱ እኩል ይካፈሉት። እያንዳንዱ ማዳበሪያም የአክሳዩን ወይም የማኅበሩን ምልክትና የተሰፋበትን ቀን ይያዝ፤ ያን ጊዜ ብልሽት ቢገኝ የሚጠየቀው ባለምልክቱ እንጂ አዊ በሙሉ አይሆንም። ይህ ለኢትዮጵያ ነጋዴ እንግዳ አይደለም፤ በ2000 ዓ.ም. በተከፈተው በኢትዮጵያ ምርት ገበያ ቡና ሲቀርብ ናሙናው ተቈልቶና ተቀምሶ ደረጃ ሲሰጠው ኖሯል፤ የተቀመሰው ቡናም እንደ ነደደችው አምፖል ተመልሶ አይሸጥም፤ ይህን ግን እንደ ኪሳራ የቈጠረው ነጋዴ የለም።

ለዘር ድንችም እንዲሁ ነው፤ እንዲያውም ይብሳል። ድንቹን የሚያጠወልገው የባክቴሪያ በሽታ በላዩ ላይ ሳይታይ በውስጡ ተደብቆ ይሄዳል። ገዢው የሚያውቀው ተክሎ ማሳው ከጠወለገ በኋላ ነው፤ በሽታው በአፈሩ ውስጥ ስለሚቀርም የሚቀጥለው ዓመት ድንች ጭምር ይጠፋል። እዚህ ጥቂቱን ቈርጦ መጭመቅና ነጭ ልጋግ ይወጣው እንደ ሆነ ማየት የበረታውን ብቻ ይገልጣል፤ የተደበቀውን አይገልጥም። ስለዚህ ዘር ድንች ነጋዴ ዋስትናው የማሳው ታሪክ ነው፤ ዘሩ ከየትኛው ማሳ፣ ከማን፣ በየትኛው ዓመት እንደ መጣ የሚናገር ጽሑፍ ከከረጢቱ ጋር ካልሄደ ሻጩ ነጥብ የሌላት አምፖል እየሸጠ ነው።

አንዳንድ ወዳጆቼ ይህን ነገር ስነግራቸው፣ ናሙና የሚሉት ገዢ ዋጋ የሚሰብርበት ሰበብ ይሆናል፤ ሃያ ማዳበሪያ ዘርግፎ ትንሽ ድቃቂ ካገኘ ጭነቱን በግማሽ ዋጋ ስጡኝ ይላል ብለው ተቃወሙኝ። ስጋቱ ከንቱ አይደለም፤ እንዲህ የሚያደርግ ገዢ አለ። መድኃኒቱ ግን መፈተንን መከልከል አይደለም፤ ልኩን አስቀድሞ መወሰን ነው። ልኩ ተጽፎ ከተገኘ፣ ከልኩ በታች የሆነ ድቃቂ ያገኘ ገዢ የመቀነስ መብት የለውም፤ ከልኩ በላይ ቢገኝም ቅናሹ በውሉ የታወቀ ይሆናል። ልኩ ያልተጻፈበት ቦታ ነው ጕልበተኛው የሚፈርደው። ደግሞ ወጪው ትንሹን አክሳይ ይጎዳዋል ለሚሉት፣ አሥር ማዳበሪያ ያለው ሰው ብቻውን ሁለቱን መዘርገፍ እንደሚከብደው አምናለሁ፤ በማኅበር አንድ ላይ ሲጭኑ ግን ለእያንዳንዱ የሚደርሰው ጥቂት ነው።

አስመጪዎችም ይህን ለሌላ ሰው የተጻፈ አድርገው እንዳያልፉት እለምናለሁ። በየሱቃችን ያለው የባትሪ ድንጋይ፣ አምፖል፣ የስልክ ባትሪና የታሸገ መድኃኒት ሁሉ ከሥራ በፊት የማይፈተን ሸቀጥ ነው። ከውጭ ስታዝዙ ምልክትና ቀን ያለበትን ምረጡ። ከመርከብ፣ ከመጋዘን፣ ከመኪና ስትረከቡም ካርቶን ብቻ ቈጥራችሁ አትፈርሙ፤ ጥቂቱን ክፈቱና ያያችሁትን በመረከቢያው ላይ ጻፉ። ምክር ቤታችንም ለከሰልና ለዘር ድንች አንድ የመረካከቢያ ቅጽ አዘጋጅቶ ለአባሎቹ ቢያድል፣ ወጪው የጥቂት ወረቀት ዋጋ ነው። ቅጹን ማርቀቅ ካስፈለገ እኔ ለመሥራት ፈቃደኛ ነኝ።

ከዚያ ከዳንግላው ካርቶን ሁለት አምፖሎች እስከ ዛሬ በቤቴ አሉ፤ አንዷ ነጥቧ ገና ሰማያዊ ናት፣ ሌላይቱ ቀልታለች። በመጪው የአባሎች ስብሰባ ይዣቸው እመጣለሁና ማየት የሚፈልግ ሁሉ በእጁ አንሥቶ ወደ ብርሃን ይያቸው።